«ሚስ፣ መጽሐፉ ዋሽቷል!»

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የ2ኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ክፍሌ ውስጥ 46 ልጆች አሉ። ሳይንስ የምናስተምረው በእንግሊዝኛ በተጻፈ መጽሐፍ ነው። አሁን ዕፅዋት እንዴት እንደሚያድጉ የሚናገረው ምዕራፍ ላይ ደርሰናል። ልጆቹ «ጀርሚኔሽን» (የዘር መብቀል) የሚለውን ቃል ከሰሌዳ አሳምረው ይገለብጣሉ። ምንድን ነው ስላቸው ግን ዝም ይሉኛል። በአማርኛ ላስረዳ ስል ደግሞ ዳይሬክተራችን «በሳይንስ ክፍለ ጊዜ አማርኛ እንዳልሰማ» ብለው አስጠንቅቀውኛል።

ሲቸግረኝ ባቄላ በፕላስቲክ ዕቃ አስተከልኳቸው። ግማሹን ዕቃ መስኮት ላይ፣ ግማሹን ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥን። ብዙዎቹ ሸተቱ። ከተረፉት ውስጥ ደግሞ የቁም ሳጥኖቹ ከመስኮቶቹ በልጠው ረዝመው ተገኙ! መጽሐፉ ተክል ያለ ፀሐይ አያድግም ነው የሚለው። አንዱ ልጅ «ሚስ፣ መጽሐፉ ዋሽቷል!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔ መልስ አጣሁ።

ሌላም አለ። ቤተሰቦቹ ገበሬዎች የሆኑ አንድ ተማሪ አለኝ። ቤት ውስጥ የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ክፍል ውስጥ ቃል አልተነፈሰም። ፈተናም እየደረሰ ነው። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባት ሚስ

መልስ

እህቴ፣ «መጽሐፉ ዋሽቷል» ካለው ልጅ ልጀምር። እንዳትቆጪው። አየ፣ አወዳደረ፣ ያየው ከተነገረው ጋር አልገጥም ሲለው አፍ አውጥቶ ተናገረ። በዚህ ዕድሜው እንዲህ ያደረገ ልጅ ሽልማት ይገባዋል። ትልልቆቹ እንኳ አስተማሪ ፊት ይህን አይደፍሩም። መጽሐፉ በእርግጥ አልዋሸም። ግን ነገሩን አሳጥሮ ነው የጻፈው። የእናንተ ባቄላ ደግሞ ልክ መጽሐፉ የዘለለው ቦታ ላይ በቀለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባቄላ ፍሬ ስንቁን ይዞ ነው የሚነሳው። ልጣጩ ሲነሳ ለሁለት የሚከፈለው ወፍራም አካል በሙሉ ምግብ ነው። እኛ ክክ አድርገን፣ ፈጭተን የምንበላው ያንኑ የቡቃያውን ስንቅ ነው። ፍሬው ለመብቀል ውሃ፣ አየርና መጠነኛ ሙቀት ካገኘ ይበቃዋል። ብርሃን አይፈልግም። አፈርም ቢሆን አይፈልግም። ብርሃን የግድ የሚሆንበት ስንቁ ወደ ማለቁ ሲጠጋ ነው። ያኔ ምግቡን በራሱ ቅጠል መሥራት አለበት።

ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው ቡቃያ መሬት ውስጥ እንደተቀበረ ነው የሚቆጠረው። ብርሃን እስኪያገኝ ድረስ ያለ የሌለ ጉልበቱን ቁመት ላይ ያውለዋል። ቅጠል አይዘረጋም፣ ግንዱን አያወፍርም፣ አረንጓዴውን ቀለም አይሠራም። ለዚህ ነው የረዘመው። አሁን ሄደሽ በደንብ እዪው። ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ነው። ቀጭን ነው። ምናልባትም ራሱን መሸከም አቅቶት ተጋድሟል። መስኮት ላይ ያለው አጠር ብሎ ጠንከር ያለ ነው።

ይህን ሁሉ ግን ለልጆቹ ለመንገር አትቸኩዪ። ሁለቱን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አድርጊና በእንግሊዝኛ ጠይቂያቸው። «ዊች ዋን ኢዝ ቶል?» በጣታቸው ይጠቁማሉ። «ዊች ዋን ኢዝ ግሪን?» ይጠቁማሉ። «ዊች ዋን ኢዝ ስትሮንግ?» እዚህ ላይ ክርክር ይነሳል። ይነሳ። በአማርኛ ይሁን በኦሮምኛ፣ በፈለጉት ይከራከሩ። ከዚያ ከቁም ሳጥኖቹ አንዱን ወደ መስኮት አውጪው፣ ሌላውን እዚያው መልሺው። የወጣው በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ አረንጓዴ መሆን ይጀምራል። ጨለማ ውስጥ የቀረው ስንቁን ሲጨርስ ይሞታል። መጽሐፉ እውነት ይናገር አይናገር ያ ልጅ ራሱ ያን ጊዜ ይፍረድ።

ለነገሩ ዘር በጨለማ እንደሚበቅል ከእነዚያ 46 ልጆች ብዙዎቹ ቤታቸው ውስጥ አይተዋል። ለበዓል ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ያደገ ልጅ ብቅል ያውቃል። ገብሱ ይዘፈዘፋል፣ በኮባ ቅጠል ወይም በጆንያ ይሸፈናል፣ ሲገለጥ ጢሙን አውጥቶ እርስ በርሱ ተያይዟል። ማን ፀሐይ አሞቀው? ጠላ የማይጠመቅበት ቤት ደግሞ በቆልት ይኖራል። «እናታችሁ ባቄላ በቆልት ስታደርግ ምን ምን ታደርጋለች?» ብለሽ ብትጠይቂ መጽሐፉ በሦስት ገጽ ያልነገራቸውን እነሱ ይነግሩሻል።

ዋናው ምክሬም ይኸው ነው። ልጅ ነገሩን በእጁ ሳይነካና በሚያውቀው ቋንቋ ሳያወራው የእንግሊዝኛውን ስም አትስጪው። መጀመሪያ ነገሩ ይምጣ፣ ከዚያ ወሬው፣ ስሙ ይከተላል። አሁን እየሆነ ያለው ተገልብጦ ነው። ስሙ ሰሌዳ ላይ አለ፣ ነገሩ የትም የለም። ከዚያ ሽምደዳ ቢሆን ምን ይገርማል?

ወደሸተቱት ዕቃዎች ልመለስ። ጥፋቱ የባቄላው አይደለም። 46 ልጅ ባለበት ክፍል ሁሉም ማጠጣት ይፈልጋል። ሁሉም ያጠጣል። ዘር ደግሞ ይተነፍሳል። ውሃ ውስጥ ሰምጦ ከቀረ አየር ያጣና ይበሰብሳል። ስለዚህ እንደ አዲስ ጀምሩ፣ አሁን ግን በሃይላንድ።

ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ወገቡ ላይ ቁረጪ። ጠርዙ እጅ እንዳይቆርጥ በፕላስተር ለጥፊው። ሶፍት ጠቅለል አድርገሽ የጠርሙሱን ግድግዳ እስኪነካ ድረስ ከውስጥ ሙይው። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያደረ ባቄላ በሶፍቱና በፕላስቲኩ መካከል ሰክተሽ ከውጭ እንዲታይ አድርጊ። ከታች አንድ ጣት የሚያህል ውሃ ይኑረው። ባቄላው ውሃውን መንካት የለበትም፣ ሶፍቱ ራሱ እየሳበ ያጠጣዋል። የማጠጣቱን ሥራ በቀን ለአንድ ልጅ ብቻ ስጪ። መለኪያውም የጠርሙሱ ክዳን ይሁን፤ ከዚያ በላይ አንዲት ጠብታ አይጨመርም። ተረኛው ልጅ ሲያጠጣ ጮክ ብሎ «አይ ጊቭ ዋተር» ይበል። 46 ልጅ ተራ እስኪደርሰው ያቺን ዓረፍተ ነገር ክፍሉ በሙሉ በቃሉ ይዟታል፣ አንቺም «ድገሙ» ማለት አያስፈልግሽም።

ለአራት ለአምስት ልጅ አንድ ጠርሙስ ይበቃል። በየጠርሙሱ ሦስት ባቄላ አድርጊ፤ አንዱ ባይበቅል ልጆቹ አያለቅሱም። አንዱን ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች፣ አንዱን ጎኑን አዙሪና ስኪው። ሥሩ በየት በኩል ቢወጣ ዞሮ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ሥሩ ወደ ላይ እንዲሆን የተሰካው ፍሬ ሥሩን አውጥቶ፣ ቆልምሞ ወደ ታች ሲያዞር የሚያይ የ7 ዓመት ልጅ ፊት ላይ የሚነበበውን እኔ አልነግርሽም፣ ታዪዋለሽ። ብርድ ስለሆነ ትንሽ ታገሺ። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ዘርን ያዘገያል። ሥሩ ሳምንት ሳይሞላ ብቅ ማለቱ አይቀርም፣ ግንዱ ግን ከዚያም በላይ ሊያስጠብቃችሁ ይችላል። ዓርብ ማታ ዘፍዝፈሽ ቅዳሜና እሑድ የተዘጋ ክፍል ውስጥ እንዳትተዪው ብቻ።

ባቄላውን ከሰፈር እህል መሸጫ ግዢ። ያልነቀዘና የዘንድሮ ምርት ይሁን። ለዘር ተብሎ የሚሸጠውን ግን ተዪው። ብዙውን ጊዜ መድኃኒት የተቀባ ነው፣ ቀለሙም ቀይ ወይም ሮዝ ይሆናል። የልጅ እጅ ደግሞ መጨረሻው አፍ ነው። ከዚህ የባሰም አለ። «ከየሰፈራችሁ ዘር አምጡ» ብትዪ ከመንገድ ዳር የጉሎ ፍሬ ይዞ የሚመጣ ልጅ አይጠፋም። ዝንጉርጉር ስለሆነ ዓይን ይስባል፤ ለምጣድ ማሰሻም ስለሚጠቀሙበት ቤት ውስጥ ያዩታል። ጥሬው መርዝ ነው፣ ተላምጦ ከተዋጠ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የሚመጣውን እህል አንቺ ስም ጥሪ። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ገብስ፣ በቆሎ። በቃ።

ከመሰካትሽ በፊት ውሃ ውስጥ ካደረው ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ፍሬ አድዪ። ጫፉ ላይ ያለውን ጥቁር መስመር ያሳዩሽ። ከእናቱ ቆብ (ፍሬዎቹን ከያዘው ሽፋን) ጋር ተያይዞ የነበረው በዚያ ነው። ከመስመሩ ጫፍ አጠገብ መርፌ የወጋት የምታህል ቀዳዳ አለች። ፍሬውን በሁለት ጣት ጫን ሲያደርጉት በዚያች ቀዳዳ የውሃ ጠብታ ብቅ ይላል። ክፍሉ ይንጫጫል፣ ተዘጋጂ። ከዚያ ልጣጩን ይላጡና ለሁለት ይክፈሉት። በአንዱ ግማሽ ጥግ ላይ ነጭ፣ የተጣጠፈች፣ ከጥፍር የምታንስ ነገር ተጣብቃለች። ተክሉ እሷ ናት። ሾጣጣዋ ጫፍ ሥር ትሆናለች፣ የታጠፈችው ደግሞ ግንድና ቅጠል። «ሩት» የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የምታነሺው ልጁ ሾጣጣዋን ጫፍ በጥፍሩ እየነካ ሳለ ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድመሽ እወቂ፣ ሁለተኛ «ዋሸ» እንዳትባዪ። በውጭ አገር መጻሕፍት ሥዕል ላይ ፍሬው ራሱ ለሁለት ተከፍሎ ከግንዱ ጋር ወደ ላይ ሲወጣ ይታያል። ያ ቦሎቄ ነው። የእኛ ባቄላ እንዲህ አያደርግም፤ ፍሬው እታች ይቀራል፣ ወደ ላይ የሚወጣው ግንዱ ብቻ ነው። ሽምብራና ምስርም እንደ ባቄላው ናቸው። መጽሐፋችሁ ላይ የቦሎቄ ሥዕል ካለ ሁለቱንም ዝሩና ልዩነቱን እነሱ ያግኙት።

አሁን ወደምወደው ሙከራ ልምጣ። ወጪ የለውም። ልጆቹ ከቤት አራት ዓይነት ባቄላ ያምጡ። ጥሬ፣ ቆሎ፣ ነፍሮና ክክ። አራት ጠርሙስ አዘጋጂና «ዊል ኢት ግሮው?» ብለሽ አንድ በአንድ ጠይቂ። «የስ» የሚል ይቁም፣ «ኖ» የሚል ይቀመጥ። ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጻፊ። ነፍሮው ላይ ይከፋፈላሉ፤ ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ስለሆነ ያታልላል። ክኩ ላይ ደግሞ ብዙዎቹ ይሳሳታሉ። ቆሎና ነፍሮ እሳት አይተዋል፣ ውስጣቸው ያለችው ትንሽ ተክል ሞታለች። ክክ ሲከካ ተከፍሏል፣ ተክሏም ተጎድታለች ወይም ወድቃለች። የሚበቅለው ጥሬው ነው። ከሳምንት በኋላ «ኢት ግሩ»፣ «ኢት ዲድ ኖት ግሮው» የሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አራት ጠርሙስ ፊት ቆመው የሚናገሯቸው ይሆናሉ። ያለፈ ጊዜ ግሥ በሠንጠረዥ ከምታስገለብጪያቸው ይልቅ ይሄ ይሻላል። ነፍሮው ቀድሞ ስለሚሻግት በሦስተኛው ቀን አስወግጂው፣ ካልሆነ ዳይሬክተሩ ሽታውን ተከትለው ይመጣሉ።

ከቃላቱ ስምንት ይበቃሉ። ሲድ፣ ሩት፣ ስቴም፣ ሊፍ፣ ዋተር፣ ኤር፣ ሰን፣ ግሮው። ሌላው ሁሉ ላንቺ ዕውቀት እንጂ ለእነሱ ሸክም ነው። ፎቶሲንተሲስን (ቅጠል በብርሃን ምግብ መሥራቱን) 2ኛ ክፍል ምን አመጣው? ዓረፍተ ነገሩንም አሳንሺው። «አይ ሲ ኤ ሩት»። «ኢት ሃዝ ቱ ሊቭስ»። «ኢት ኒድስ ዋተር»። ልጆቹ «ኢት ዋተር ኒድስ» ማለታቸው አይቀርም። አማርኛም ኦሮምኛም ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጡ ነው፣ ስንፍና አይደለም። «ስህተት!» ብለሽ አታስደንግጪያቸው። «የስ፣ ኢት ኒድስ ዋተር» ብለሽ አስተካክለሽ መልሺላቸውና ቀጥዪ። በአሥረኛው ጊዜ ራሳቸው ያስተካክሉታል።

ጥያቄሽንም በደረጃ አድርጊው። መጀመሪያ «ሾው ሚ ዘ ሩት» በጣት ይመለሳል። ቀጥሎ «ኢዝ ዚስ ኤ ሩት?» በየስና በኖ። ቀጥሎ «ሩት ኦር ስቴም?» በአንድ ቃል። «ዋት ኢዝ ዚስ?» የመጨረሻው ይሁን። አብዛኛው አስተማሪ ከመጨረሻው ጀምሮ ልጆቹ ዝም አሉኝ ይላል። ከጠየቅሽ በኋላ ደግሞ ትንሽ ጠብቂ። በሁለት ቋንቋ የሚያስብ ልጅ ጊዜ ያስፈልገዋል። ሰውነታቸውንም አሠሪው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጄምስ አሸር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስፋፋው ዘዴ ነው፤ ተማሪው ትእዛዙን እየሰማ በአካሉ ይፈጽማል። «ዩ አር ኤ ሲድ» ስትዪ ኩርምት ይበሉ፣ «ድሪንክ ዋተር» ስትዪ ይነፉ፣ «ግሮው» ስትዪ ይነሱ። 46 ልጅ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተነስቶ ሲቀመጥ ጫጫታ አለው። ከጎረቤት ክፍል አስተማሪ ጋር ቀድመሽ ተስማሚ።

ቁመት ለመለካት ማስመሪያ አያስፈልግሽም። የወረቀት ቁራጭ ከቡቃያው ጎን አቁመው፣ በቁመቱ ልክ ቆርጠው፣ ቀኑን ጽፈው ግድግዳ ላይ በተርታ ይለጥፉ። ሳታስቢው ግራፍ ሠሩ።

«ያለ አፈር እንዴት በቀለ?» የሚል ልጅ መምጣቱ አይቀርም። ትልቅ ሰውም ተክል አፈር የሚበላ ይመስለዋል። ብራስልስ የተወለደው ሐኪም ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት 90 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ አፈር በዕቃ አድርጎ ሁለት ኪሎ ግራም ከምናምን የሚመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለበት። ለ5 ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ ወደ 77 ኪሎ ግራም ደረሰ። አፈሩ ሲመዘን የጎደለው 57 ግራም ገደማ ብቻ ነበር። ሙከራው የታተመው ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1648 ነው። እሱ ሁሉም ከውሃ የመጣ መሰለው፤ ቅጠል ከአየርም እንደሚወስድ የታወቀው ቆይቶ ነው። ይህን ለልጆቹ ባትነግሪያቸውም አንቺ ልብሽ ይሙላ። ከአፈር የሚወሰደው ጥቂት ቢሆንም አስፈላጊ ነው፤ ስለዚህ ቡቃያው ቅጠል ሲያወጣ ወደ አፈር አዛውሩት። እናንተ አካባቢ ያለው መረሬ (ጥቁሩ አፈር) ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ይጣበቃል። ትንሽ አሸዋና ፍግ ቀላቅሉበት።

እናንተ ሰፈር ደግሞ መሀል ከተማ ያለ አስተማሪ የሌለው ሀብት አላችሁ። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ማሳ ነው። በዚህ ወቅት ጤፍ ይታጨዳል፣ ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮ በመረሬው እርጥበት የተዘራው ሽምብራ አረንጓዴ ነው። እሸቱ መንገድ ዳር መሸጥ ሲጀምር አንድ እስር ግዢ። ሥሩ ሳይቀር ተነቅሎ ነው የሚመጣው። አንድ እስር ለመላው ክፍል ይበቃል። ሥሩ፣ ግንዱ፣ ቅጠሉ፣ ቆቡ፣ ቆቡ ውስጥ ፍሬው፣ ዕድል ካላችሁ አበባውም። ልጆቹ ቅጠሉን ነክተው ጣታቸውን ይቅመሱ፤ ይኮመጥጣል። «ሳወር!» ይላሉ፤ ዘጠነኛ ቃል በነፃ። ማሳ ውስጥ ለመግባት ግን ባለቤቱን አስቀድመሽ አስፈቅጂ። እህል ከረገጣችሁ ሳይንሱ ይቀርና ጠብ ይመጣል።

የጤፍ ፍሬም ከባቄላ ጎን አስቀምጪ። 1,000 የጤፍ ፍሬ ቢመዘን ግማሽ ግራም አይሞላም። ስንቁ ትንሽ ስለሆነ ገበሬው አይቀብረውም፣ ላይ ላዩን ነው የሚዘራው። ባቄላ ግን ገባ ቢልም ይወጣል። ይህን የሚያውቅ ልጅ ክፍልሽ ውስጥ አለ፤ ዝም ያለው።

እሱ ላንቺ ዝም አለ እንጂ ከሁላችሁም በላይ ስለ ተክል ያውቃል። መጀመሪያ ይህን አጣሪ። በዕረፍት ሰዓት ይጫወታል? ኦሮምኛ ከሚችሉ ልጆች ጋር ያወራል? የሚያወራ ከሆነ አትጨነቂ። ሁለት አዲስ ቋንቋ አንድ ላይ የወረደበት ልጅ ለወራት እያዳመጠ ሊቆይ ይችላል። የትም የማያወራ ከሆነ፣ ወይም ከኋላው ስትጠሪው የማይዞር ከሆነ ቤተሰቡን አነጋግሪ፣ ጆሮውም ይታይ። ካልሆነ ግን ሥራ ስጪው። ዘሩን የሚያድለው እሱ ይሁን። ሰውነት የሚያሠራውን ጨዋታ ከፊት ሆኖ ያሳይ። ግድግዳው ላይ በምትለጥፊው ሥዕል ሥር በሦስቱም ቋንቋ ጻፊ፤ ሥር፣ ሂዳ፣ ሩት። ቅጠል፣ ባላ፣ ሊፍ። ውሃ፣ ቢሻን፣ ዋተር። አነጋገርሽ ሲበላሽ እንዲያርምሽ ጠይቂው። ባቄላ በኦሮምኛም ያው ባቄላ ስለሆነ በእሱ ጀምሩ። በግድ ተነስተህ ተናገር ግን አትበዪው።

ዳይሬክተሩስ? ፊት ለፊት አትላተሚያቸው። ሰውዬው ወላጅ ነው የሚያስጨንቃቸው፤ ወላጅ ደግሞ የሚከፍለው ልጁ እንግሊዝኛ እንዲናገር ነው። ስለዚህ ያንኑ አሳዪያቸው። «ክፍለ ጊዜው ሲጀመር አሥር ደቂቃ በሚያውቁት ቋንቋ ያውሩ፣ የቀረው በእንግሊዝኛ ይሁን፤ በሁለት ሳምንት መጥተው ይዩ» በያቸው። ሲመጡ ልጆቹ ጠርሙሳቸውን ይዘው ያናግሯቸው። ክርክር ካነሱም መልስ አለሽ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ራሱን ችሎ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ነው ያስቀመጠው። እሳቸውም ያውቁታል። በጨዋ አነጋገር አስታውሻቸው።

የቀረው ፈተናው ነው። ጥያቄ የምታወጪው አንቺ ከሆንሽ አራት ሥዕል አቅርቢ፤ ደረቅ ፍሬ፣ ያበጠ ፍሬ፣ ሥር ያወጣ፣ ቅጠል ያወጣ። ቅደም ተከተላቸውን በቁጥር ያሳዩ፣ ከዚያ በየሥዕሉ ሥር ከስምንቱ ቃላት የሚስማማውን ይጻፉ። ከቢሮ የሚወጣ ከሆነና «ጀርሚኔሽን» መምጣቱ ካልቀረ ቃሉን ከፈተናው በፊት ባለው ሳምንት አምጪው። ልጆቹ ራሳቸው የሣሉትን ሥር ያወጣ ባቄላ ሰሌዳ ላይ ለጥፊና ከሥሩ ጻፊው። የዚያን ጊዜ ስምንት ቃል ያላቸው ልጆች ዘጠነኛውን አይፈሩትም። ሳወርን ከቆጠርሽ አሥረኛ ነው።